ሰማንያ እንዳያልፍ የታሸገው የፍጥነት መኪናችን

ቁጥር፦ አልተሰጠውም፤ ቁጥር ሰጪዋ ዕረፍት ላይ ናቸው

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤
ሁለተኛ ፎቅ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት በር በስተጀርባ፤

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ፊርማ የሚያኖረው ቀኝ እጅዎ፣ ማኅተም የሚመታው ግራ እጅዎ፣ ከወንበሩ ጋር ለብዙ ዓመታት ሳይለያይ በፍቅር የኖረው ወገብዎ፣ ሁሉም በያሉበት ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ በኩል እኔም፣ ባለቤቴም፣ መኪናችንም ደኅና ነን፤ አማቴ ደግሞ ለስድሳ ሰባት ዓመት ሴት ከሚገባው በላይ ደኅና ናቸው፤ ጽሕፈት ቤትዎን ያስቸገረውም ይኸው ጤንነታቸው ነው።

ይህን ምስጋና በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በአካል ቀርቤ ላመሰግንዎ አሥራ ሰባት ጊዜ መጥቼ፣ አሥራ ሰባቱንም ጊዜ ከበርዎ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የእንጨቱ ቅርጽ በሰውነቴ ላይ እስኪታተም ድረስ ጠብቄ ተመልሻለሁ። ጋዜጣ ግን ስብሰባ ውስጥም ይገባል ሲባል ሰማሁ።

እኔ ፍሬን ሠሪ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚሮጠውን በማስቆም የኖርኩ ሰው ስሆን፣ በዚህ ረገድ እኔና ክቡርነትዎ የአንድ ሙያ ሰዎች ነን፤ ልዩነታችን እኔ ያስቆምኩት መኪና ተመልሶ መሄድ መቻሉ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የፍጥነት መኪና ሠራ ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ አማች መሆኔ ነው።

አማቴ በከተማችን አጠቃላይ ሆስፒታል ሠላሳ አንድ ዓመት የአምቡላንስ ሾፌር ነበሩ። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ከመሪው በላይ የሚታየው ግንባራቸው ብቻ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ብዙ እግረኛ አምቡላንሱ ያለ ሾፌር የሚመጣ እየመሰለው በድንጋጤ መንገድ ይለቅ እንደነበር የሰፈሩ ሰው እስካሁን ያወራል። «ሳይረን» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላቸው ይኸው ሰፈር ሲሆን፣ ስሙ የወጣው በአምቡላንሱ ድምፅ ይሁን በራሳቸው ድምፅ ገና አልተጣራም። ጡረታ የወጡ ዕለት ቁልፉን አስረክበው እኛ ቤት ገቡ፤ ሁለት ዓመት ያህልም መስኮት ሥር ተቀምጠው በሚያልፉት ሾፌሮች የማርሽ አቀያየር ሲያዝኑ ከረሙ። ከዕለታት አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ውኃው በደረቀ የጨው ሐይቅ ላይ በየዓመቱ በቤት የተሠሩ መኪኖች የፍጥነት ውድድር እንደሚያደርጉ በራዲዮ መስማታቸውን ነገሩንና ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ፤ አንድም ቀን ግን መኪናው የሚችለውን ያህል ሄጄ አላውቅም» አሉ። «ብፈጥን ከኋላ የተኛው ሰው አጥንቱ ይንገጫገጫል፤ ብዘገይ ደሙ ያልቃል። አንድ ቀን ብቻ፣ ከኋላዬ የሚያቃስት ሰው ሳይኖር፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ መርገጥ እፈልጋለሁ።»

እኔም እንደ ደግ አማች ዕድሜያቸውን በዘዴ ለማንሣት ስሞክር፣ «እኔ የጠየቅኩህ ስለ ብየዳ ነው፤ ስለ ዕድሜ ስፈልግ ሐኪም እጠይቃለሁ» ብለው አፌን አስያዙኝ። ባለቤቴም ከእናቷ ጋር ወገነች። ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ።

ሥራው አሥራ አራት ወር ፈጀ። ሞተሩን ያገኘነው ሆስፒታሉ በጨረታ ካስወገደው አሮጌ አምቡላንስ ሲሆን፣ አማቴ ራሳቸው አሥራ አንድ ዓመት የነዱት ስለነበር ገና ሲነሣ «ሦስተኛው ፒስቶን አሁንም ያኮርፋል» ብለው በድምፁ ለዩት። ሻንሲውን ከብረት ቱቦ በየድኩት፤ አካሉን ከላሜራ በመዶሻ ቀጥቅጬ አወጣሁት፤ አፍንጫው ከአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት የተወገደ ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ነው። ባለቤቴ ድንኳን ሰፊ ናት፤ እናቷን እንደ ቀሚስ በሜትር ለክታ ቁጥሩን በወረቀት ስለሰጠችኝ መኪናውን በልካቸው ሠራሁላቸው፤ ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ የአማቴ ትከሻ ሲደመር ሁለት ጣት። እኔ አንድ ጊዜ ገብቼ ለመቀመጥ ሞክሬ የወጣሁት በሳሙና ነው። እንዲህ ያለውን ሩጫ ፍሬን ብቻውን ስለማያቆመው (ይህን ማመን ለአንድ ፍሬን ሠሪ ቀላል አይደለም) ከኋላ የሚከፈተውን ፓራሹት ባለቤቴ ከቀላል የድንኳን ጨርቅ ሰፋችው።

የውድድሩ ደንብ መኪናው የምርመራ ማረጋገጫና የማጓጓዣ ፈቃድ ይዞ እንዲቀርብ ስለሚያዝ፣ ወደ ክቡርነትዎ ደጅ መጣን። ከዚህ በኋላ የተዋለልንን ውለታ እንዳይዘነጋ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፦ ለመኪናችን ማንነት ስለሰጡት ምስጋናዬ የላቀ ነው። መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ያሉት እኅት ማመልከቻችንን ተቀብለው ስንት ሰው እንደሚጭን ጠየቁኝ፤ አንድ ስላቸው «እንግዲያው ሞተር ብስክሌት ነው» አሉ። አራት ጎማ እንዳለው ስነግራቸው በር እንዳለው ጠየቁኝ። በር የለውም፣ ከላይ ነው የሚገባበት አልኩ። «በር የሌለው መኪና አላውቅም» ብለው ቅጹን ወደ ላይ ወደ ታች አገላበጡት። የቤት፣ የሕዝብ፣ የጭነት፣ ተጎታች፣ የእርሻና ታንከር የሚሉ ስድስት ሣጥኖች ብቻ ነበሩበት። በመጨረሻ ያያዝነውን የመኪናውን ፎቶግራፍ ከዓይናቸው አርቀው አዩትና ፊታቸው በራ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍጥነት መኪናችን በመንግሥት መዝገብ «የፈሳሽ ማጓጓዣ ታንከር፣ ባዶ» ሆኖ ይኖራል። አማቴ «ባዶ» የምትለዋ ቃል እሳቸውን ትመለከት እንደሆነ በትሕትና ጠይቀው ነበር፤ መልስ አላገኙም።

ሁለተኛ፦ ስለ ላኩልን መርማሪ አመሰግናለሁ፤ እዚህ ላይ ምስጋናው የእውነት ስለሆነ እባክዎ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎ። ሰውየው በዕድሜ ከእኔ ስለሚያንስና አሁን ወንድሜ ስለሆነ «እሱ» እያልኩ ብጽፍ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በአንድ ረፋድ ላይ ከሲታ፣ ዝምተኛ፣ ቦርሳውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያቀፈ ሰው ግቢያችን ገባ፤ ከቦርሳውም እያንዳንዱ በየራሱ ወረቀት የሰፈረ አርባ ሁለት ነጥብ ያለው ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ የክቡርነትዎ ፊርማ ያለበት ስለሆነ አንዱም ነጥብ እንደማይዘለል አስታወቀን።

ስለዚህ ሰው በሌለበት የጨው ሜዳ ለሚሮጥ መኪና ክላክስ አስገባን። ዝናብ ለማያውቀው ሜዳ የዝናብ መጥረጊያ ገጠምን። ወደ ቀኝና ወደ ግራ መታጠፍ ለማይፈቀድለት መኪና ፍሬቻ አበራን። መለዋወጫ ጎማ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለ ለጎማው የራሱን ወንበር ሠርተን መኪናችንን በሚያጓጉዘው የጭነት መኪና ላይ እንዲከተለን አደረግን። ኋላ ማርሽ የለውም ተብለን ስንገሠጽ አማቴ «ወደ ኋላ መመለስ ካማረኝ ወርጄ እገፋዋለሁ» ብለው በጽሑፍ ግዴታ ገቡ፤ መርማሪው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ሳይስቅ ከፋይሉ ጋር አያያዘው። ሳይስቅ ያልኩት ከንፈሩን ነክሶ ስለነበር ነው።

ነጥብ ሠላሳ ስምንት «ተንጠልጣይ ገመድ የሌለ መሆኑን ማረጋገጥ» ይላል። መርማሪው ከመኪናው ኋላ አንድ ቀይ ገመድ ተንጠልጥሎ አየና ሳይጠይቅ ሳበው። ፓራሹቱ ተከፈተ። ያን ዕለት ነፋስ ነበር፤ ጨርቁ ተነፍቶ የጎረቤታችንን የልብስ ማስጫ ከነአንሶላው ጠቅልሎ፣ መርማሪውን ከነቦርሳው አንሥቶ አጥሩ ሥር አኖረው፤ አርባ ሁለቱ ነጥቦችም በሰፈሩ ላይ በረሩ። ሁላችንም ወጥተን ስንለቅም ዋልን። ነጥብ አሥራ ዘጠኝ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ምን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው በጽሕፈት ቤትዎ ስለሌለ ያለሱ አልፈናል። መርማሪው ከአንሶላው ውስጥ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። «ይሠራል» አለ፤ ከዚያም እየደጋገመ ሳቀ። ባለቤቴ ውኃ አምጥታ ሰጠችው።

በማግሥቱ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ያለ ቦርሳ ተመልሶ መጣ። ከዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ሌሊቱን ሲከነክነው እንዳደረ ነግሮኝ መኪናው ሥር ተንጋለለና ጣቱን የመሪው ክንድ ላይ አኖረ። እዚያ ያለው ብሎን እንዳይፈታ የምትይዘው ትንሽ ሽቦ፣ እኛ ኮፒሊያ የምንላት፣ አልገባችም ነበር። እኔ ነኝ የረሳኋት። ሃያ ስድስት ዓመት በሙያው የኖርኩት ሰው ማለት ነው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም፤ ያቺ ሽቦ ሳትኖር አማቴ በሁለት መቶ ቢሄዱ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በሌላ ቋንቋ ነበር። ከአርባ ሁለቱ ነጥቦች አንዱም ስለ ኮፒሊያ አያነሣም።

ሦስተኛ፦ ይህ ምስጋና በሂደት ላይ ስለሆነ ተራው ሲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል።

አራተኛ፦ ሐሳባችንን ሳይቀር ስለ መረመሩልን አመሰግናለሁ። ቅጹ «ሊደረስበት የታሰበ ከፍተኛ ፍጥነት» የሚል ክፍት ቦታ ነበረው፤ እኛም በየዋህነት «በሰዓት ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ጨውና ነፋስ ከፈቀዱ» ብለን ሞላን። በሦስተኛው ሳምንት የክቡርነትዎ ደብዳቤ ደረሰን፤ አማቴ አስለጥፈውት ግድግዳችን ላይ ስላለ ቃል በቃል ልጠቅሰው እችላለሁ፦ «ከተፈቀደው ወሰን በላይ ለማሽከርከር ማሰብዎን በገዛ እጅዎ ጽሑፍ ያረጋገጡ ስለሆነ፣ ሐሳቡ ወደ ድርጊት ከመሸጋገሩ በፊት በጥብቅ እንዲጠነቀቁ እናሳስባለን።» ከዚህም ጋር መኪናው ከሰማንያ እንዳያልፍ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጠምለት፣ መገደቢያውም በእርሳስ ማኅተም እንዲታሸግ፣ እሽጉ ከተነካ ፈቃዱ ሁሉ እንዲሰረዝ ታዘዘ።

ይህን ለማስረዳት ነው ያን ሁሉ ጊዜ አግዳሚው ላይ የተቀመጥነው። ከበርዎ በላይ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ጽሑፍ በወርቅማ ቀለም ተሰቅሏል። አማቴ በዘጠነኛው ቀን ቀና ብለው አነበቡትና «ይህኛው እንቁላል በእግሩ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ አርጅቶ ሞቷል፤ የነገረው ሰው የለም» አሉ። ጸሐፊዎ አሁንም ስብሰባ ላይ መሆንዎን ሲነግሩን ደግሞ «እዚያ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ንገሩኝ፤ የሆስፒታሉን መንገድ አውቀዋለሁ» ብለው ተነሡ። ጸሐፊዎ ለአፍታ ያሰቡበት መሰለኝ።

መገደቢያውን የገጠመውና ያሸገው ራሱ መርማሪው ነበር። እሽጉን ሲጫን አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ሲጨርስም እጁን በጨርቅ ብዙ ጊዜ ጠረገ። እሽጉ በጉዞ ላይ እንዳይነካ አብሮን ሄዶ እንዲጠብቅ ያዘዙትም ክቡርነትዎ ስለሆኑ፣ ካደረጉልን መልካም ነገሮች ሁሉ ይህ ቀዳሚው ነው፤ ሳያውቁ ያደረጉት መሆኑ ዋጋውን አይቀንሰውም።

ሁለት ቀን ተጓዝን። ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ «ታንከር፣ ባዶ» የሚለውን ፈቃድ አነበበና መኪናውን በጣቱ አንኳኳ፤ ውስጥ ተቀምጠው መሪውን ይለማመዱ የነበሩት አማቴ «አቤት!» አሉት። ፖሊሱ ፈቃዱን በሁለት እጁ መለሰልን።

የጨው ሜዳውን ቢያዩት ክቡር ሆይ፣ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ነጭ ነው፤ ዳርቻው አይታይም፤ የሚቆም ሰው የለበትም፤ የሚያስቆምም። በምድባችን የነበረው ክብረ ወሰን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሲሆን፣ ክብረ ወሰን ለመስበር ወዲያም ወዲህም ሮጦ የሁለቱ አማካይ ይወሰዳል። አማቴ ልካቸው ውስጥ ገቡ፤ ባለቤቴ ቀበቶውን አሠረችላቸውና የራስ ቁራቸውን ሳመችው። ባንዲራው ወረደ።

ሰማንያ ላይ ሞተሩ ማስነጠስ ጀመረ። መገደቢያው ሥራውን በታማኝነት ሠራ። ያን ረጅም ሜዳ በሰማንያ ሲሄዱት አንድ የውድድሩ አስተናጋጅ በሞተር ብስክሌት ሻይ ይዞ አልፏቸው ሄደ፤ በድምፅ ማጉያውም «ተወዳዳሪዋ ችግር ገጥሟቸው ከሆነ እጃቸውን ያውጡ» ተባለ። ሰው ሳቀ። እኔ እንኳ አማቻቸው፣ አልዋሽዎትም፣ ትንሽ ሳቅሁ።

ተመልሰው ሲመጡ ግን ሳቄን ተውኩት። አማቴ ወርደው መለዋወጫው ጎማ ላይ ተቀመጡና ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። መርማሪው መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉት በመጨረሻ። «ብዙ ሰው አድርሻለሁ። ያላደረስኳቸውም አሉ፤ ያላደረስኳቸውን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ መንገዱንም ሰዓቱንም። ዛሬ ማንንም ማድረስ አልነበረብኝም። ለዚህ ነበር የመጣሁት፤ ለሌላ አይደለም።»

መርማሪው ዞር ብሎ ጨዉ ላይ ብቻውን ሄደ። ሩቅ ሄደ። ከቦርሳው መመሪያውን አውጥቶ ቆሞ ሲያነብ ከሩቅ ይታየን ነበር፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ከመሬት አንሥቶ አፉ ውስጥ ሲከት አየነው። ተመልሶ መጥቶ ፒንሳ እንድሰጠው ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፤ እሽጉን በጠሰው። ከዚያም ቃለ ጉባኤ ጻፈ። ቃለ ጉባኤው እጅዎ ላይ ስላለ ያውቁታል፤ ጋዜጣ ለሚያነቡ ግን ይህን ይላል፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የሰፈረው መርማሪ፣ የመገደቢያው መመሪያ የሚጸናው በሕዝብ መንገድ ላይ ብቻ መሆኑን ከአንቀጹ አንብቤ፣ ይህ ቦታ ደግሞ መንገድ ሳይሆን ጨው መሆኑን በዓይኔ አይቼና በምላሴ ቀምሼ ስላረጋገጥኩ፣ እሽጉን በራሴ ኃላፊነት አንሥቻለሁ።» ፈረመበት። ስሙን ሙሉ ጻፈ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ወራት ከጽሕፈት ቤትዎ በወጣ ወረቀት ላይ «በራሴ ኃላፊነት» የሚል ቃል ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዳኞቹ የጠዋቱን ሩጫ ሰርዘው እንደገና ፈቀዱልን። ሲሄዱ ሁለት መቶ ዘጠኝ። ሲመለሱ ድምፁ ከመኪናው በኋላ ነው የደረሰን፤ ነጩ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ መጣች፣ ከዚያ ድስት ሆነች፣ ከዚያ አለፈችን። የዝናብ መጥረጊያው ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ለቅቆ ወደ ሰማይ ሄደ። መስመሩን ሲያልፉ ክላክሱን ነፉ፤ በሕግ የተገጠመ ዕቃ እንዲህ በደስታ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ሁለት መቶ ሃያ አንድ! አማካዩ ሁለት መቶ አሥራ አምስት፤ ክብረ ወሰኑ በሦስት ተሰበረ። ባለቤቴ ወደ እናቷ መሮጥ ጀመረች፤ መርማሪው ደግሞ ወደየት እንደሚሮጥ ሳያውቅ ሮጠ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

አማቴ ከመኪናው ወጡ። ከልማድ የተነሣ መጀመሪያ ያደረጉት ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳደረጉት፣ የተኛው ሰው ደኅና መሆኑን ለማየት። ከኋላቸው ጨዉ ላይ የተነጠፈ የድንኳን ጨርቅ ብቻ ነበር። ቆመው አዩት፤ ከዚያ እየሳቁ አለቀሱ፤ ወይም እያለቀሱ ሳቁ፤ በቅደም ተከተሉ እኔና ባለቤቴ እስካሁን አልተስማማንም።

አምስተኛ፦ ስላደረጉልን አቀባበል አመሰግናለሁ። የክብረ ወሰኑን የምስክር ወረቀት ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ እንዲለጥፉት በደስታ ላክንልዎ። ክቡርነትዎ ግን እንደ ማስረጃ ተቀበሉትና፣ «በሰዓት ሁለት መቶ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ማሽከርከራቸው በሰነድ ስለተረጋገጠ» የአማቴን መንጃ ፈቃድ እስከሚቀጥለው ውሳኔ ድረስ አገዱት። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቅጣት ያልነበረባቸው ሴት በአንድ ቀን ደስታ ተቀጡ። መርማሪውን ደግሞ ምድር ቤት ወዳለው የመዝገብ ክፍል አዛወሩት፤ አሁን አምስት ወሩ ነው፤ የተሰረዙ ታርጋዎችን ይቆጥራል። ቆጥሮ ሲጨርስ ስሕተት እንዳይኖር እንደገና እንዲቆጥር ታዟል።

እንግዲህ ምስጋናው ካለቀ አንዲት ልመና ትፈቀድልኝ። አማቴ ክብረ ወሰን አልፈልግም፣ ሮጫለሁ፣ ጠግቤያለሁ ይላሉ። ነገር ግን ሆስፒታሉ አዲስ የተቀጠሩትን ሰባት የአምቡላንስ ሾፌሮች እንዲያሠለጥኑለት ጠይቋቸዋል፤ በሽተኛ ሳያንገጫግጩ መፍጠንን ከእሳቸው በቀር የሚያስተምር አልተገኘም። የታገደ መንጃ ፈቃድ ይዘው ሊያስተምሩ ስላልቻሉ ሰባቱ ሾፌሮች መንገዱን በራሳቸው እየተማሩት ነው። በማን ላይ እንደሚማሩት ክቡርነትዎ ይገምቱ። እኔ የምለምነው ይህ ነው፤ ፈቃዳቸውን ይመልሱላቸው።

መርማሪውንም ወደ ቦታው ይመልሱት። ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቅም፤ ቢያውቅ ይከለክለኝ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ነጥቦች የእርስዎ ናቸው፤ ሰው ያዳነችው ኮፒሊያ ግን የእሱ ናት። በየቀኑ ከጽሕፈት ቤትዎ «ተመርምሯል» የሚል ወረቀት ይዘው የሚወጡት አውቶቡሶች ውስጥ የሰው ልጅ ተቀምጧል፤ የእርስዎም ልጆች ይኖሩባቸው ይሆናል። መኪና ሥር ተንጋልሎ ጣቱን የሚያኖር አንድ ሰው ነበርዎት፤ እሱንም ታርጋ ያስቆጥሩታል።

ይህን ያህል ዘመን በትዕግሥት ያስተማሩንን የመቀመጥ ጥበብ ሳልዘነጋ፣ ለበርዎ፣ ለጸሐፊዎና ለአግዳሚው ወንበር የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ መልስዎን ቆሜ የምጠብቅ፣

የማይለወጥ አክባሪዎ፣
ፍሬን ሠሪው፤ የባዶው ታንከር ባለቤት

ግልባጭ፦
— ለመስኮት ቁጥር ሦስት፤ ሰባተኛ ሣጥን እንዲያስቡበት
— ለአጠቃላይ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፤ እንዲያውቁት
— ለምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል፤ ቆጠራው በመሐል ቢቋረጥም ማንም እንደማይጎዳ ለማሳሰብ

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ የጽሕፈት ቤትዎ መልእክተኛ ለመጀመሪያው ማመልከቻችን የተሰጠውን መልስ ይዞልን መጣ። ደብዳቤው ተሽከርካሪው በራሱ ኃይል መንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ በአሥር ቀን ውስጥ እንድናስታውቅ ያዛል፤ የተጻፈው ከአሥራ አንድ ወር በፊት ነው። ከቢሮዎ እስከ ቤታችን አራት ኪሎ ሜትር ስለሆነ ባለቤቴ ቁጭ ብላ አሰላችው፤ በሰዓት ግማሽ ሜትር ይመጣል። ለውድድሩ ዳኛ ደውዬ ይህን ፍጥነት የሚመዘግቡበት ምድብ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው፤ ለጊዜው እንደሌላቸው፣ ሆኖም ክቡርነትዎ ተፎካካሪ ካገኙ ሊከፍቱልዎ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል።